ኪሱ በቀኝ የሆነው ኮት

ልብስ ሰፊው ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ከማንም በፊት እንዴት አደርክ የሚለው የእንጨቱን ሰው ነው። የእንጨቱ ሰው ራስም እጅም የለውም፤ በሰፊው የመስታወት መስኮት ውስጥ በአንድ ብረት ላይ ቆሞ መንገዱን ይጠብቃል። የለበሰው ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ሙሉ ልብስ ነው። ልብስ ሰፊው ያንን ልብስ ሲሰፋ ጸጉሩ ገና ሽበት አላወቀም ነበር። ያዘዘው ሰውዬ ሳይወስደው አገር ለቆ ሄደ፤ ልብሱ መስኮት ላይ ቀረ። ብዙ ሰው ቆሞ አይቶታል፤ ጥቂት ሰው ዋጋውን ጠይቋል፤ የገዛው የለም። እሱ ግን በየሳምንቱ ያወልቀዋል፣ ያራግፈዋል፣ በካውያ ይተኩሰዋል፣ መልሶ ያለብሰዋል።

“እኔን እንዲህ ብትንከባከበኝ ኖሮ ዛሬም ልጃገረድ እመስል ነበር” ትለዋለች ሚስቱ።

“አንቺ መቼ ዝም ብለሽ ትቆሚያለሽ?” ይላታል።

ሙያውን የተማረው ከአንድ ኮስታራ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ ቁልፍ መትከል፣ ቀጥሎ ኮሌታ መሥራት፣ ቀጥሎ እጅጌ መግጠም አስተማረው። በመጨረሻ፣ ዓይኑ ሊደክም ሲል፣ በሩን ዘግቶ ኮት መገልበጥ አሳየው።

የሱፍ ጨርቅ በላዩ በኩል ፀሐይ ይበላዋል፤ ክርኑ ያብረቀርቃል፤ ቀለሙ ይለቃል። የውስጥ ፊቱ ግን ገበር ስር ተሸፍኖ እንደ አዲስ ይቆያል። ስለዚህ ያረጀ ኮት ስፌት በስፌት ይተረተራል፤ ቁራጩ ሁሉ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፤ ከዚያ ውስጡ ውጪ ሆኖ እንደገና ይሰፋል። በደንብ ከተሠራ ከአዲስ አይለይም። አንድ ችግር ብቻ አለው። ኮት ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። የቁልፎቹን ቀዳዳ ደፍኖ በሌላው በኩል መክፈት ብዙ አያስቸግርም። የደረት ኪሱ ግን በቀኝ በኩል ቁጭ ይላል። የወንድ ኮት የደረት ኪስ ደግሞ ሁልጊዜ በግራ ነው። ስለዚህ ኪሱ በቀኝ የሆነ ኮት የለበሰ ሰው “አዲስ መግዣ አጥቻለሁ” ብሎ ደረቱ ላይ የጻፈ ያህል ነው።

“ይህን አስተምሬሃለሁ” አለው ሽማግሌው፤ “የምትሠራበት ዘመን ግን አይምጣብህ።”

ዘመኑ መጣ። መጀመሪያ ዘይት ተወደደ፤ ቀጥሎ ሳሙና፤ ከዚያ ዕቃው ሁሉ ተማክሮ እንደ ወጣ ሰው አንድ ላይ ወደ ላይ ሄደ። አዲስ ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ። ልብስ ሰፊው ራሱ ጨርቅ ሻጩ ዘንድ ሄዶ “ሜትሩ ስንት ገባ?” ብሎ ይጠይቅና መልሱን ሲሰማ እጁን ከጨርቁ ላይ ያነሳል፤ መንካቱ ራሱ የሚያስከፍል ይመስል።

ቤቱን ያቆመችው ሚስቱ ናት። ዘይት በጠርሙስ መግዛት ትታ በብርጭቆ አደረገችው። ከጎረቤቷ ጋር ተስማምተው የአንደኛዋ ማቀዝቀዣ ተነቀለ፤ የሁለቱም ቤት ድስት ባንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል፤ የመብራቱን ሒሳብ ይካፈላሉ። ድስቶቹ መንታ ስለሚመስሉ የእነሱ ድስት እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሯል፤ ክሩን የሰጠው እሱ ነው። ገበያ ስትሄድ ከአውቶቡስ ቀድማ ትወርዳለች፤ የቲኬቱ ዋጋ የሚጨምረው ከዚያ ፌርማታ በኋላ ስለሆነ የቀረውን በእግሯ ትጨርሰዋለች። ሰው ሲያገኛት “ሐኪም እርምጃ አዞልኛል” ትላለች። ሐኪም ዘንድ ከሄደች ስንት ዘመኗ!

የሱቁ ኪራይ ግን በብርጭቆ የሚገዛ ነገር አይደለም። አከራዩ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቴ ጨመረበት። የመጀመሪያውን ጭማሪ ከሚስቱ እህት ተበድሮ ቻለው። ሁለተኛው ዕዳ ሆኖ ተጠራቀመ።

አከራዩን ሰፈሩ “ባለፎቁ” ይለዋል። ፎቅ ግን የለውም። ከሱቁ ጣሪያ በላይ ዝገት የበላቸው ብረቶች ሰማይ እየወጉ ቆመዋል፤ ፎቅ ሊሠራ ተበድሮ ጀመረ፣ ብረቱና ሲሚንቶው እሳት ሲሆን ተወው። አሁን የባለፎቁ ሚስት ገመድ ወጥራ ልብስ ታሰጣበታለች። እሱ ግን ሰው ምንም ቢያነሳለት “ፎቁ ሲያልቅ እናያለን” ማለት ይወዳል።

አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣ ሳይገባ፣ “እስከ ወሩ መጨረሻ ይክፈሉኝ፤ ካልሆነ ቁልፉን ያስረክቡኝ” አለው። “ስልክ ሻጭ መጥቶ እጥፍ እከፍላለሁ ብሎኛል።”

“ወንድሜ፣ በዚህ ዕድሜዬ ወዴት እሄዳለሁ? ደንበኛዬ በሩን ለምዷል።”

“ደንበኛዎ ማን ነው? የእንጨቱ ሰውዬ?”

ባለፎቁ ከሄደ በኋላ ልብስ ሰፊው መቁረጫ ጠረጴዛውን አየው። ጠረጴዛው ከሚተኛበት አልጋ ይረዝማል። የሚኖሩባቸው ሁለት ክፍሎች ጠረጴዛውንም፣ የስፌት መኪናውንም፣ እነሱንም አይችሉም። ሱቁ ከሄደ ሥራው ሄደ ማለት ነው፤ ሥራው ከሄደ ደግሞ እሱ ማን ሊባል ነው?

እውነተኛ ደንበኞቹ የሚመጡት በጎን በር፣ በቀጭኗ መተላለፊያ በኩል ነበር። ኮታቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ግራ ቀኝ አይተው ይገባሉ። ሁሉም “የዘመድ ነው” ይላሉ።

“ይህ ዘመዳቸው ስንት ኮት ነው ያለው?” ይላታል ሚስቱን፤ ይሳሳቃሉ።

እሱም ቢሆን ከእነሱ አይሻልም። ሲገለብጥ መጋረጃውን ይጋርዳል። ሚስቱ “ኮት እንገለብጣለን ብለህ ለምን በሩ ላይ አትጽፍም? ይኸው ሰፈሩ ሙሉ አሮጌ ኮት!” ስትለው ይቆጣል።

“እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ የአሮጌ ዕቃ አዳሽ አይደለሁም! መስኮቴን አላየሽም?”

“መስኮቱንማ በየቀኑ አየዋለሁ። ሲያበላን ነው የማላየው።”

ከደንበኞቹ አንዳንዱ “ኪሱ በቀኝም ይሁን፤ ሥራ ቦታ ብቻ ነው የምለብሰው” ይላል። አብዛኛው ግን ኪሱ ወደ ግራ እንዲመለስለት ይለምናል። ይህ ዓይን የሚያጠፋ ሥራ ነው፤ ከውስጥ ስፌቱ ክር እየመዘዘ የአሮጌውን ኪስ ስንጥቅ ክር በክር ሸምኖ መድፈን፣ በግራ በኩል አዲስ ኪስ ማውጣት ይጠይቃል፤ ዋጋውም ይጨምራል። ኮቶቹ እንዳይምታቱበት ዘዴ ነበረው፦ ኪሱ የሚመለስ ከሆነ ኮሌታው ላይ ቀይ ክር ያስራል። ቀይ ክር የሌለው ኮት ኪሱ ባለበት ይቀራል።

አንድ ከሰዓት በኋላ የባለፎቁ ሚስት በዚያች በጎን በር ገባች። ብብቷ ስር ጥቅል ይዛለች።

“ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ይቺ እንኳ... የዘመድ ናት።”

“ዘመድዎ ኪሱን በየት በኩል ይፈልጋል?”

“በግራ! በግራ ነው እንጂ! ማንም እንዳያውቅ። ዋጋው ችግር የለውም።” በሩን ከያዘች በኋላ ዞር አለች። “ትንሽ ይቀንሱልን ግን።”

ጥቅሉን ሲፈታ ግራጫ ኮት ነው። ኮሌታውን ገልበጥ ሲያደርገው የራሱን እጅ አየ፤ ከኮሌታው ስር እንደ ወፍ እግር አድርጎ የሚያልፋትን ትንሽ ስፌት። ባለፎቁ የፎቁን ሥራ ያስጀመረ ቀን ሊለብሰው ያሰፋው ኮት ነው።

ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ለካ ኪራይ የሚጨምርብኝ ስለጠገበ አይደለም! ለካ እሱም ልቡ ተንጠልጥሎ ነው የሚያድረው! እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። “ደንበኛዎ የእንጨቱ ሰውዬ” ያለው ሰው ኮት ይኸው እጁ ላይ ነው። ቆይቶ በደስታው አፈረ። ይህን ለማንም አልናገርም አለ፤ ለሚስቴም ቢሆን። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ኮት ያስፈራራበት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሰፈር ያስቅበት ነበር። እኔ ግን እንዲህ አድርጌ እገለብጥለታለሁ፣ የባንክ ገዢም አይለየውም! ይህን እያለ ሻይ አፈላ፤ ሻዩን እየጠጣም የራሱን ትልቅነት ደጋግሞ አደነቀ። ከዚያ መተርተር ጀመረ።

ትልቅነቱን ሲያደንቅ ቀዩን ክር ማሰር ረሳ።

በእጁ ላይ ብዙ ኮት ነበር። ግራጫው ታጥቦና ተተኩሶ ተራው ሲደርስ ዓይኑ እንደ ልማዱ ኮሌታውን አየ፤ ቀይ ክር የለም። እጁም እንደ ልማዱ ኪሱን ባለበት ተወው። ኮቱ ግሩም ሆኖ ወጣ። በጋዜጣ ጠቀለለው። የባለፎቁ ሚስት መጥታ፣ ሳትፈታ፣ ብብቷ ስር አድርጋ ከነፈች።

ስህተቱን የነገረው ድስት ነው። ምሳ ላይ ተቀምጠው ሚስቱ አንድ ጊዜ ቀምሳ “ውይ!” አለች። “ይህ ምስር የኛ አይደለም! የኛማ ይህን ያህል ዘይት አያውቅም። ቀዩ ክር ወልቆ የጎረቤቴን አሙቄ አቀረብኩልህ፤ ጉድ ፈላ!”

የልብስ ሰፊው ማንኪያ አየር ላይ ቆመ።

“ምነው? ጣፈጠህ?”

“ቀዩ ክር” አለ።

“አዎ፣ ወለቀ።”

“የእኔ አልወለቀም። መጀመሪያውኑ አላሰርኩትም።”

ሁሉንም ነገራት። ሚስቱ መጀመሪያ አፏን በእጇ ያዘች፤ ቀጥሎ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በመጨረሻ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች “አከራያችንን ገለበጥከው!” አለች።

“ሳቂ፣ ሳቂ። ወሩ ሲያልቅ ከነመኪናዬ መንገድ ላይ ስወጣ ያኔ ትስቂያለሽ።”

“ሂድና ንገረዋ! ኮትህን አምጣ ላስተካክልልህ በለው።”

“የማንን ኮት? የዘመድ ነው ተብያለሁ እኮ! የእሱ መሆኑን አውቃለሁ ካልኩት መዋረዱ አይደል?”

ይህን ጊዜ ሚስቱም መሳቋን ተወች።

ባለፎቁ ራሱ መጣ። በጎን በር ነው የገባው። ግራጫውን ኮት ለብሷል፤ ስፌቱ ልክ ነው፣ ትከሻው ልክ ነው፣ ኪሱ በቀኝ ነው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ አነሳና መልሶ አስቀመጠ።

“አንድ ዘመድ አለኝ” አለ በመጨረሻ።

“እሺ” አለ ልብስ ሰፊው።

“ኮት አስገልብጦ ነበር። ኪሱ ወደ ግራ ይመለስ ተብሎ ተነግሯል።”

“ሰምቻለሁ።”

“ከማን?”

“ከዘመድዎ ዘመድ።”

ባለፎቁ ወንበሩን አቀረበ። “ታዲያ ይህ ዘመዴ ኮቱን ጠዋት በጥድፊያ ለበሰና ባንክ ሄደ። ብድር አለበት። ጊዜ ይጨመርልኝ ሊል ነው። ኃላፊው ፊት ቀርቦ ፈረመ፤ ፈርሞ እስክሪብቶውን ወደ ደረት ኪሱ መለሰ። እስክሪብቶው ወርዶ ወለል ላይ። አነሳው፤ እንደገና ወደ ደረቱ። እንደገና ወለል ላይ። እንግዲህ ዕድሜ ልኩን እስክሪብቶ በግራ ደረት ኪሱ የሚይዝ ሰው ነው! ወደ ታች ቢያይ ኪስ የለም። ኪሱ ማዶ ነው!”

ልብስ ሰፊው ከንፈሩን ነከሰ። “ኃላፊውስ?”

“ኃላፊውማ ሁሉንም አየ። ከዚያ በፊት ሁለቴ ሲመላለስ ‘ፎቅ የሚሠራ ሰው እንዴት መክፈል ያቅተዋል?’ እያለ የሚያላግጥበት ሰው ነው። አሁን ግን ኪሱን አየና ‘አባቴም እንዲህ ያለ ኮት ነበራቸው’ አለው።” ባለፎቁ ድምፁ ወረደ። “ከዚያ በየወሩ የሚከፈለውን ቀነሰለት። ግን አንድ ነገር ጠየቀው፤ ከቤቱ የሚያገኘው ኪራይ መጨመሩን የሚያሳይ ውል ይምጣ፤ ያለዚያ ቤቱ ሐራጅ ይወጣል።”

ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ተነሳ። ሲሰፋ ጎንበስ ይላል እንጂ ሲቆም ቀጥ ያለ ሰው ነው።

“ዘመድን እንተወው” አለ። “ጥፋቱ የእኔ ነው። ኪሱ ወደ ግራ ተብዬ ነበር፤ ረሳሁት። ሆን ብዬ ያደረግሁት ከመሰለዎት ግን አይደለም።”

“የማን ኮት እንደሆነ አውቀዋል ማለት ነው?”

“በእጄ የሰፋሁትን እንዴት አላውቅም?”

“ለማን ነገሩ?”

“ለማንም። ለሚስቴ ብቻ ነገርኳት፤ ያውም ከተሳሳትኩ በኋላ።”

“እሷስ ምን አለች?”

“ሳቀች።”

ከመጋረጃው ኋላ የሻይ ብርጭቆ ሲንኳኳ ተሰማ። ባለፎቁ ወደ መጋረጃው አየ፤ ወደ ኪሱ አየ፤ ከዚያ ሳያስበው ሳቁ አመለጠው። “ሁለቴ እኮ ነው የወደቀብኝ! ዘበኛው ነው ሁለተኛውን ያነሳልኝ!” እያለ ጉልበቱን መታ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ያው ነገር መሐላቸው ቁጭ አለ። ባለፎቁ “ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም” አለ። “ግን ለስልክ ሻጩ ካላከራየሁ ቤቴ ይሄዳል። የእኔ ቤት ከሄደ ደግሞ የእርስዎም ሱቅ አብሮ ነው የሚሄደው።”

ልብስ ሰፊው ወደ ፊት ለፊት አየ፤ ወደ መስኮቱ። ሚስቱ ሻይ ይዛ ገብታ ቆማ ነበር፤ የምትለውን ሁሉ ካለች ዓመት አልፏታልና ዛሬ ዝም አለች። ዝምታዋ ከንግግሯ ባሰበት።

“ስልክ ሻጩ የሚፈልገው መስኮቱን ነው” አለ ቀስ ብሎ። “መስኮትና የፊት በር። መቁረጫ ጠረጴዛ ምን ያደርግለታል? ግድግዳ እናቁም። ከግድግዳው ወዲያ ለእሱ ያከራዩት፤ ወዲህ ያለው ለእኔ ይበቃኛል። እሱ እጥፍ ሊከፍል የመጣ ሰው ነው፤ መስኮቱ ያለበትን ግማሽ ብቻ ቢያገኝም ከእኔ አሮጌ ኪራይ አብልጦ ይከፍላል። እኔም የግማሼን እከፍላለሁ። ሁለት ውል ይዘው ባንክ ይሂዱ።”

“ያለብዎትስ ዕዳ?”

“ጣሪያዎ ላይ ከተሰጡት ልብሶች መሐል ጥርሱ ያልረገፈ ኮት አላየሁም። የቤተሰብዎን ልብስ ሁሉ እየገለበጥኩ አወራርዳለሁ። የቀረውን በየወሩ ከኪራዩ ጋር እጨምራለሁ። ቃሌን ያውቁታል።”

ባለፎቁ ሻዩን ጠጥቶ ጨረሰ። “መስኮቱን ይለቃሉ ብዬ አላሰብኩም ነበር” አለ።

“እኔም” አለ ልብስ ሰፊው።

ግድግዳው ሊቆም ሲል የእንጨቱን ሰው ከመስኮት አወረደው። ወደ ብርሃን ወስዶ ሲያየው፣ ስንት ዘመን በየሳምንቱ እየተኮሰ ያላየውን አየ፤ የልብሱ ፊት በመስታወቱ ፀሐይ ተበልቶ አመድ መስሏል። ቆሞ ቆሞ ያረጀ ልብስ። ምላጩን አነሳና ይተረትረው ጀመር። ውስጡ ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ጨርቅ ሻጩ ከጥቅሉ ላይ የቆረጠለት ዕለት እንደነበረው።

በራሱ ልክ አድርጎ ሰፋው። ሚስቱ መኪናው አጠገብ ቆማ “ኪሱስ?” አለችው።

“ባለበት ይቆይ።”

“በቀኝ?”

“የጎን በር ላይ መስኮት የለኝም” አለ። “ሰው ሥራዬን በምን ያየዋል?”

ለብሶት መንገድ ወጣ። ሰፈሩ ከዚያ በፊት እንዲህ ያማረ ልብስ ለብሶ አይቶት አያውቅም፤ ኪሱን ያላየም አልነበረም። ጨርቅ ሻጩ ከሩቅ ጠርቶ ትከሻውን ዳሰሰው፤ “ይህ የተገለበጠ ነው? አይዋሹኝ!” አለ። ልብስ ሰፊው ኪሱን በጣቱ መታ መታ አደረገና አለፈ። በማግስቱ በጎን በሩ ላይ “ኮት እንገለብጣለን” የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። ሰሌዳውን የያዘችለት ሚስቱ ናት፤ “ወደ ግራ ዝቅ ብሏል” እያለች ሦስቴ አስነቅላዋለች።

ሥራ በዛ። ለሚስቱ እህት የነበረበት ዕዳ ቀድሞ ተከፈለ። ዘይቱ አሁንም በብርጭቆ ነው የሚገዛው፤ ማቀዝቀዣውም አሁንም የጋራ ነው፤ ይህ ሌላ ነገር ነው፤ ሁለቱ ሴቶች ተላምደውበታል። ባለፎቁ የሁለቱን ውል ይዞ ባንክ ሄዶ ተመልሷል፤ ሐራጁም ቀርቷል። ኮቱን አምጣ ኪሱን በነጻ ልመልስልህ ሲባል (አሁን “አንተ” መባባል ጀምረዋል) እስክሪብቶውን ከቀኝ ደረቱ አውጥቶ እየመለሰ “ተወው” ይላል። “ባንኩ የሚያውቀኝ በዚህ ነው። ፎቁ ሲያልቅ እናያለን።”

አንድ ጠዋት ጡረታ የወጡ አንድ መምህር በጎን በር ገቡ። ከዚህ በፊት “የዘመድ ነው” እያሉ ሁለቴ በጋዜጣ ጠቅልለው አምጥተዋል። ዛሬ ኮቱን ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መንገዱን ሁሉ ለሰው እያሳዩ ነው የመጡት።

ልብስ ሰፊው ኮቱን ተቀብሎ የእንጨቱ ሰው ላይ አለበሰው፤ እሱ አሁን ሥራው ይህ ሆኗል።

“የዘመድ ነው?” አላቸው፣ እንደ ወትሮው።

መምህሩ ልብስ ሰፊው የለበሰውን ሰማያዊ ሱፍ፣ ቀጥሎም ኪሱን አዩ።

“የራሴ ነው” አሉ።